ጫማ ከመስቀልህ በፊት፦ በሰሜን ሸዋ ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት

ይህ ጽሑፍ ዕድሜው ወደ ሰላሳዎቹ እየገባ ላለ፣ ከጨዋታ በኋላ ጉልበቱ ሁለት ቀን ለሚያመው፣ ደብረ ብርሃን ወይ ሸዋ ሮቢት ወይ መሃል ሜዳ ላይ ለከተማ ወይም ለወረዳ ቡድን ሲጫወት ለኖረና አሁን "ከዚህ በኋላ አሰልጣኝ እሆናለሁ" ለሚል ወንድሜ ነው። ለእህቶቼም ነው። "አንተ" እያልኩ ብጽፈውም አንቺም አንብቢው። የሴት ልጆች ቡድን ይቋቋም ሲባል ልጆቹ ይገኛሉ፣ ሜዳውም ይገኛል፤ የምትታጣው ሴት አሰልጣኝ ናት።

ዋናውን ነገር ቶሎ ልንገርህ። ዋና አሰልጣኝ ለመሆን አትቸኩል። መጀመሪያ ታዳጊዎችን አሰልጥን። ከዚያ የሌላ ሰው ምክትል ሁን። ምክትልነቱ ላይ ደግሞ ቆይ። ጎበዝ ተጫዋች ጫማ በሰቀለ ማግስት ቡድን ተረክቦ፣ በአንድ የውድድር ዘመን ስሙ ተበላሽቶ ከሜዳ ሲርቅ ማየት ያሳዝነኛል። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ በቀላሉ መባከን የለበትም።

ምሳሌዬን ከሩቅ ነው የማመጣው፣ ከአውስትራሊያ። ለምን ብትል፣ እዚያ የእያንዳንዱ አሰልጣኝ መንገድ በግልጽ ተመዝግቦ ይገኛል። ማን የት ጀመረ፣ ስንት ዓመት ምክትል ነበር፣ መቼ ተሰናበተ፣ ሁሉም ይታወቃል። የምጠቅሳቸው የአውስትራሊያ ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ማልያ የለበሱ ሁለት ሰዎች

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ትንሽ። የአውስትራሊያ ፉትቦል የእኛ እግር ኳስ አይደለም። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ኳሷም ሞላላ ናት። ከየቡድኑ 18 ሰው ሜዳ ላይ ይሰለፋል። ኳሷ በእግር ትመታለች፣ በእጅም ትያዛለች፤ መወርወር ግን ክልክል ነው። በእጅ ማቀበል ከፈለግህ በአንዱ እጅህ ይዘህ በሌላው በቡጢ ትመታታለህ። ጨዋታው አራት ክፍለ ጊዜ አለው። በየጫፉ አራት ቋሚዎች ተተክለዋል። በመሃለኞቹ ሁለት መካከል በእግር የገባች 6 ነጥብ ታስቆጥራለች፣ በጎናቸው ያለፈች 1 ነጥብ። ስለዚህ 90 ለ 86 የሚባል ውጤት ስትሰማ አትደንግጥ። የገናን ጨዋታ እያየ ያደገ የመንዝ ልጅ ግርግሩን ቶሎ የሚለምደው ይመስለኛል። ትልቁ ሊግ ኤኤፍኤል ይባላል።

ብሪዝበን ላየንስ የሚባል ክለብ በ2001፣ በ2002 እና በ2003 በተከታታይ ሦስት ዋንጫ አነሳ። አሰልጣኙ ሊ ማቲውስ ነበር። እሱም ራሱ በተጫዋችነት ዘመኑ ለሃውቶርን 332 ጨዋታ ያደረገና አራት ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ከነበሩት ልጆች ሁለቱን ልንገርህ። አንዱ ማይክል ቮስ ነው፣ አምበሉ። በ1996 የሊጉን ትልቁን የኮከብ ተጫዋች ሽልማት ከሌላ ተጫዋች ጋር እኩል ድምፅ አግኝቶ የወሰደ፣ ስሙ አገር የሞላ ሰው። ሌላው ክሬግ ማክሬ ነው። አጥቂ ነበር፣ ሦስቱንም ዋንጫ አንስቷል፤ ግን ስለዚያ ቡድን ሲወራ መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእሱ አልነበረም።

ቮስ በ2006 መጫወት አቆመ። ማቲውስ በ2008 ሲለቅ ክለቡ ዋና አሰልጣኝነቱን ለቮስ ሰጠው። በአሰልጣኝነት ይህ ነው የሚባል ልምድ አልነበረውም። በ2009 ቡድኑ ጥሩ ሆነ፣ ጥሎ ማለፍ ውስጥ ገባ፣ እዚያም አንድ ጨዋታ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ግን ወደ ሰንጠረዡ ግርጌ ወረደ። በ2013 የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ቮስ ተሰናበተ።

ማክሬ በ2004 ጫማውን ሰቀለ። ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ2022 ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ ቁጠረው! ለዓመታት በተለያዩ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን የሚያበቃ አሰልጣኝ ነበር። በ2019 የሪችመንድን ሁለተኛ ቡድን ይዞ የቪክቶሪያ ግዛትን ሊግ ዋንጫ አነሳ። በ2021 ሃውቶርን ውስጥ ምክትል ነበር። ኮሊንግዉድን ሲረከብ ክለቡ ከ18 ቡድኖች 17ኛ ሆኖ የጨረሰ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በአንድ ነጥብ ብቻ ተሸነፈ። በ2023 ከ100,000 በላይ ተመልካች በተገኘበት ፍጻሜ የገዛ የቀድሞ ክለቡን ብሪዝበንን 90 ለ 86 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። የፍጻሜው ዕለት ጠዋት ደግሞ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። እንዲህ ያለ ቀን ለስንቱ ይደርሰዋል?

ቮስን ለመኮነን አይደለም ይህን የምጽፈው። እንዲያውም የእሱ ሁለተኛ ጉዞ በጣም ነው የሚማርከኝ። ከተሰናበተ በኋላ ፖርት አደሌድ ሄዶ ለዓመታት የሌላ ሰው ምክትል ሆነ። ሦስት ዋንጫ በአምበልነት ያነሳ ሰው ነው እኮ! በ2022 ካርልተን ዋና አሰልጣኝ አደረገው፣ በ2023ም ቡድኑን ግማሽ ፍጻሜ አደረሰው። የዘለለውን ደረጃ ተመልሶ ወጣበት ማለት ነው። አንተ ከመጀመሪያው ብትወጣበት ያ ሁሉ ሕመም ይቀርልሃል።

የእኛም ሰዎች አሉ። መንግሥቱ ወርቁ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ባነሳው ቡድን ውስጥ ተጫዋች ነበር፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት ይዞ ሊቢያ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አበቃው። ይድነቃቸው ተሰማም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችነት ተነስተው አሰልጣኝ፣ ኋላም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ኮከብ ተጫዋች አሰልጣኝ አይሆንም የሚል ካለ አትስማው። ይሆናል፣ ግን እንደ አዲስ መማር አለበት።

ገና እየተጫወትክ ሳለ

ደብተር ግዛ። ስልክ ላይ እጽፈዋለሁ አትበል፤ ሜዳ ስለህ ቀስት የምታሰምርበት ወረቀት ያስፈልግሃል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ምን እንደሠራችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ተጫዋቾቹ የት ላይ እንደተሰላቹ ጻፍ። ይህ ደብተር ከሁለት ዓመት በኋላ ለራስህ ቡድን የልምምድ ዕቅድ ስታወጣ ሀብትህ ነው።

ኮችህ ያንን ልምምድ ለምን እንዳሠራችሁ ጠይቀው። በተጫዋቾች ፊት ግን አትጠይቀው። ልምምድ አልቆ ኮኖቹን አብራችሁ ስትሰበስቡ ጠይቀው። እኛ ጋ ታላቅ ሰው በሰው ፊት "ለምን?" ሲባል ተፈተንኩ ብሎ ነው የሚያስበው። ለብቻው ስትጠይቀው ግን ደስ ብሎት ያወራሃል፤ ምናልባት በሌላ ቀን "እስቲ ማሟሟቂያውን አንተ አሠራቸው" ይልሃል። ያቺ ዕድል ስትመጣ እንዳታፍር። ጓደኞችህ ሊስቁብህ ይችላሉ፤ ይሳቁ።

ተቀይረህ ስትወጣ ወይም ተጎድተህ ስትቀመጥ ኳሷን መከተል ተው። አንድ ጨዋታ ሙሉ የራስህን ቡድን ተከላካዮች ብቻ እይ። በሌላ ጨዋታ አማካዮቹን እይ፣ ኳስ ሳይዙ የት እንደሚቆሙ። አጥቂ ሆነህ የኖርክ ከሆነ በልምምድ ጨዋታ ላይ ተከላካይ አድርገህ አሰልፈኝ ብለህ ጠይቅ። የተከላካይን ፍርሃት ሳታውቅ ተከላካይ ማሰልጠን ከባድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። ጎበዝ ተጫዋች ነገሩን ያደርገዋል እንጂ እንዴት እንደሚያደርገው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ኳስ በጀርባህ ከልለህ መያዝ የምትችል ከሆነ፣ እስቲ ሰፈር ላለ የአሥር ዓመት ልጅ በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አስረዳው። ካልገባው ጥፋቱ የልጁ አይደለም። አሰልጣኝነት ከዚህች ቦታ ነው የሚጀምረው።

ወደ ልጆቹ ሂድ

በየከተማው የታዳጊ ፕሮጀክት የሚባል አለ። በአካባቢህ ከሌለ አንተ ጀምረው። ከ11 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆችን ሰብስብ፤ ሃያ ያህል ይበቃሉ። መጀመሪያ ግን ወላጆችን አነጋግር። ጠላ ቤት በር ላይ ወይ መንገድ ላይ አይደለም፣ ቤታቸው ሂድ። ልጃቸው ትምህርቱን እንደማያስተጓጉል ንገራቸው፤ ፈተና ሲደርስ ልምምድ እንደምትቀንስም ንገራቸው፣ ቃልህንም ጠብቅ። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህርና የቀበሌውን ሰዎች ስለ ሜዳው አነጋግር፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዝ። የምትከላከልበት ወረቀት ሳይኖርህ አንድ ቀን ሜዳው ለሌላ ጉዳይ ቢፈለግ ልጆቹን ይዘህ መንገድ ላይ ትቀራለህ።

ዕቃ የለኝም አትበል። የሀይላንድ ጠርሙስ አፈር ሞልተህ ኮን አድርገው። ሁለት ቀለም ያላቸው አሮጌ ማልያዎች ከቀድሞ ቡድንህ ጠይቅ። ኳስ ግን በቂ ያስፈልግሃል፤ ገንዘብ ካገኘህ ከማልያ በፊት ኳስ ግዛ። አንድ ኳስ ለሃያ ልጅ ማለት አሥራ ዘጠኙ ቆመው የሚበርዳቸው ማለት ነው።

የጫማ ነገርም አለ። አንዱ ታኬታ አድርጎ ይመጣል፣ ሌላው ኮንጎ ጫማ፣ ሦስተኛው ባዶ እግሩን። አብረው ሲጋጩ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። እኔ ብሆን በልምምድ ላይ ታኬታ እከለክላለሁ፣ ሁሉም ለስላሳ ጫማ እስኪያገኝ ድረስ።

ልምምዱ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይብለጥ። እንዲህ ከፋፍለው፦ መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል ከኳስ ጋር ማሟሟቅ። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ እያለ ልጆቹን አቁሞ ጡንቻ ማሳሳብ ትርጉም የለውም፤ ይሩጡ፣ ኳስ ይንዱ፣ አባሮሽ ዓይነት ጨዋታ ይጫወቱ፣ ከዚያ ነው ማሳሳቡ። ቀጥሎ ሃያ ደቂቃ አንድ ክህሎት ብቻ። አንድ! ዛሬ በጎን እግር ማቀበል ከሆነ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ አራት ለአራት በትንሽ ሜዳ ይጫወቱ፣ ያንን ክህሎት እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ሕግ አስገባ፤ ለምሳሌ ኳስ ሁለቴ ብቻ መንካት ይቻላል በል። መጨረሻ ላይ ዝም ብለህ አጫውታቸው። ፊሽካህን ኪስህ አስገባና እይ። በዚህ ጊዜ ነው ማን ምን እንደያዘ የምታውቀው።

ልጆችን በሰልፍ አታቁም። ተራ እየጠበቁ አንድ ኳስ መምታት የድሮ ልማድ ነው፣ ልጁ በሰዓት ውስጥ ኳስ የሚነካው ጥቂት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ሩጫን ቅጣት አታድርገው። የዘገየ ልጅ ለምን እንደዘገየ ጠይቅ፤ ከብት መልሶ ወይ ውሃ ቀድቶ ይሆናል የመጣው። ስማቸውን በሙሉ በመጀመሪያው ሳምንት ያዝ። "አንተ ቀዩ፣ አንተ አጭሩ" የሚል አሰልጣኝ ልጆቹ አይረሱትም፣ በመልካም ግን አይደለም።

እዚህ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆይ። ማክሬን ማክሬ ያደረገው ዋንጫ ባነሳባቸው ዓመታት የተማረው ብቻ አይመስለኝም። ስማቸው ያልታወቀ ወጣቶችን ለዓመታት ሲያስተምር ሰውን ማስረዳትን ተማረ።

ደጋና ቆላ፣ ጾምና በዓል

የሰሜን ሸዋ አሰልጣኝ ሌላ ቦታ ያለ አሰልጣኝ የማያስበውን ነገር ማሰብ አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ጣርማ በርን አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከግማሽ በታች ከፍታ ላይ ነህ። የደጋ ቡድን ወደ ታች ሲወርድ ትንፋሹ ይመቸዋል፣ ሙቀቱ ግን ይጥለዋል። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን ጀምረው ውሃ ይጠጡ፤ ማሟሟቂያውን አሳጥር፣ ጥላ ፈልግ። የቆላ ቡድን ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ችግሩ አየሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች እንደ ቤታቸው ከሮጡ ከእረፍት በኋላ እግር አይኖራቸውም። ኳሱን እንዲይዙ፣ ረጅም ሩጫ እንዲቆጥቡ አድርግ። በረኛህንም አስጠንቅቀው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከሩቅ የተመታ ኳስ ከለመደው ፈጥኖና ርቆ ይመጣበታል።

ጾሙም አለ። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይበላ የሚቆይ ተጫዋች ይኖርሃል፣ በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይቀምስ ተጫዋችም ይኖርሃል። አንዳንዴ ሁለቱ ጾሞች ይገጣጠማሉ። ይህን እንደ ድክመት የሚያይ አሰልጣኝ እኛ ጋ አይሠራም። በእነዚያ ሳምንታት ከባዱን ሩጫ ቀንስ፣ የታክቲክ ልምምዱን አብዛው፤ ሰዓቱን ከልጆቹ ጋር ተመካክረህ ወደ ማፍጠሪያው አስጠጋው። ማን እንደሚጾም ደግሞ በሁሉም ፊት አትጠይቅ። ለብቻ፣ በአክብሮት።

ላይሰንስ

ይህን ባጭሩ። የካፍ የአሰልጣኞች ላይሰንስ ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ይሄዳል። በአገራችን ስልጠናው በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በኩል ነው። በወረዳህና በዞኑ ስፖርት ቢሮ እየሄድክ ስልጠና መቼ እንዳለ ጠይቅ፤ አንድ ጊዜ ጠይቀህ አትቅር፣ ስምህን ትተህ ና። እስከዚያ ማስረጃህን አሰባስብ። የተጫወትክባቸው ቡድኖች ዛሬ ደብዳቤ ይስጡህ፤ ነገ ቡድኑ ሊፈርስ፣ ጸሐፊው ሊቀየር ይችላል። የትምህርት ማስረጃህን፣ የታዳጊ ፕሮጀክትህን ደብዳቤ፣ ፎቶና ደብተርህን በአንድ ፋይል አድርግ። የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ካገኘህ ውሰድ፤ ሜዳ ላይ ልጅ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ላይሰንስ ብቻውን አያድንም።

ምክትል መሆን ራሱ ሥራ ነው

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ መጣሁ።

አላስታየር ክላርክሰን የሚባል ሰው አለ። በተጫዋችነቱ 134 ጨዋታ ያደረገ፣ ኮከብ ያልነበረ፣ የስፖርት መምህር የነበረ። ወደ ሃውቶርን ዋና አሰልጣኝነት ከመምጣቱ በፊት ትንንሽ ሊጎች ውስጥ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሠርቷል፣ ፖርት አደሌድ ውስጥም ምክትል ነበር። ከሃውቶርን ጋር በ2008፣ በ2013፣ በ2014 እና በ2015 ዋንጫ አነሳ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። በእሱ ስር ሠርተው ካለፉት ሰዎች ውስጥ ሉክ ቤቨሪጅ በ2016 ከዌስተርን ቡልዶግስ ጋር፣ ዴሚየን ሃርድዊክ በ2017፣ በ2019 እና በ2020 ከሪችመንድ ጋር፣ ማክሬ በ2023፣ ክሪስ ፌገን ደግሞ በ2024 ከብሪዝበን ጋር ዋንጫ አነሱ። አንድ ሰው ስር የሠሩ ሰዎች ናቸው! ፌገን ደግሞ በትልቁ ሊግ አንድም ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። የታዝማኒያ ደሴት ልጅና መምህር ነበር። ብሪዝበንን ሲይዝ ዕድሜው ከ50 አልፏል።

ስለዚህ ምክትል የምትሆንለትን ሰው ምረጥ። ደሞዙን ወይም የቡድኑን ስም አትይ። ሰውየው ያስተምራል ወይ? ልምምዱን ለምክትሉ ከፍሎ ይሰጣል ወይ? ሲሸነፍ በምክትሉ ያሳብባል ወይ? የቀድሞ ምክትሎቹን ፈልገህ ጠይቅ። ደብረ ብርሃን ትልቅ ከተማ አይደለችም፣ ሁሉም ይታወቃል።

ከገባህ በኋላ አንድ ነገር የራስህ አድርግ። በአውስትራሊያ ክለቦች ምክትሎቹ መስመር ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ተከላካዩን፣ አንዱ መሃሉን፣ አንዱ አጥቂውን ይይዛል። አንተም ዋናውን ሰው "የቆሙ ኳሶችን ለእኔ ስጠኝ" በለው። ማዕዘንና ቅጣት ምት ማለቴ ነው። ሰፊ ገንዘብና ሜዳ የማይጠይቅ፣ ልዩነቱ ግን ቶሎ የሚታይ ሥራ ነው። ማን ቅርብ ቋሚ ጋ ይሄዳል፣ ማን ሁለተኛዋን ኳስ ይጠብቃል፣ ስንት ሰው ኋላ ይቀራል፣ ይህን ሁሉ ጽፈህ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ንገረው። ተቃራኒ ቡድንንም ሄደህ እይ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነና መሄድ ከቻልክ ጨዋታቸውን እዚያው ሆነህ ተመልከት፣ ካልቻልክ እዚያ ያለ ወዳጅህ በስልክ ይቅረጽልህ።

ካልተስማማህ ለብቻ ንገረው። በአንድ ሐሳብ ከተሸነፍክ ደግሞ በተጫዋቾች ፊት እንደ ራስህ ሐሳብ አድርገህ አስፈጽመው። ተቀያሪ የሆነ ልጅ መጥቶ "አንተ ብትሆን ታሰልፈኝ ነበር አይደል?" ይልሃል። ይህ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ምክትል ይመጣል። መልሱ "ና ነገ ሃያ ደቂቃ ቀድመህ፣ የጎደለህን እንሥራ" ነው። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አትጨምር። ከዋናው ጀርባ ከተጫዋች ጋር የተማከረ ምክትል ነገ ዋና ሲሆን የራሱ ምክትል እንደዚያው ያደርግበታል፤ ቡድኑም ይከፈላል።

የእረፍት ሰዓት

በ1970 የአውስትራሊያ ፉትቦል ፍጻሜ ዕለት የሜልበርን ትልቁ ስታዲየም ውስጥ 121,696 ተመልካች ነበር። ሮን ባራሲ የሚያሰለጥነው ካርልተን በእረፍት ሰዓት ላይ በኮሊንግዉድ በ44 ነጥብ ይመራ ነበር። ባራሲ በተጫዋችነቱ ከሜልበርን ክለብ ጋር ስድስት ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው፤ ስለ ጨዋታው የሚያወራው አያጣም። ለልጆቹ ግን አንድ ነገር አዘዘ፦ ኳሷን በእጅ እየተቀባበላችሁ ሂዱ። ቴድ ሆፕኪንስ የሚባል ተቀያሪም አስገባ፣ እሱም በሁለተኛው አጋማሽ አራት ጎል አገባ። ካርልተን በ10 ነጥብ አሸነፈ።

አንተ ያለህ ሩብ ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ደቂቃዎች ዝም በል። ውሃ ይጠጡ፣ ይተንፍሱ፣ የተናደደም ይብረድለት። አንተም ከምክትልህ ጋር ተማከር። ከዚያ አንድ ነገር ንገራቸው፣ ቢበዛ ሁለት። ምን እየሆነ ነው፣ ምን እንቀይራለን። ስድብ አያስፈልግም። እናቱ መድረክ ላይ ቁጭ ብላ የምታየውን ልጅ "አንተ ደንቆሮ" ብለህ ምን ታተርፋለህ? በመጨረሻም ከመውጣታቸው በፊት አንዱን ተጫዋች "ምን ተባባልን?" ብለህ ጠይቀው። በራሱ ቃል ከነገረህ ገብቷቸዋል።

ጓደኞችህ ተጫዋቾችህ ሲሆኑ

ባራሲ ማሰልጠን ሲፈልግ ከሜልበርን ወጥቶ ነው ካርልተን የሄደው፤ ያን ጊዜ አገሩ ጉድ ብሎ ነበር። ቮስ ግን በ2009 አብረውት ዋንጫ ያነሱ ጓደኞቹ ገና እየተጫወቱ ሳለ ነው አለቃቸው የሆነው። ይህ እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል። አብራችሁ ክርስትና የተነሳችሁ፣ አበልጅ የሆናችሁ፣ ሠርጉ ላይ ሚዜ የሆንክለት ሰው ነው ተቀያሪ ወንበር ላይ የምታስቀምጠው።

ቢቻል የመጀመሪያ ቡድንህ የተጫወትክበት ቡድን አይሁን። ደብረ ብርሃን ከተጫወትክ ሸኖ ወይ አንኮበር ወይ ዓለም ከተማ ጀምር። ካልተቻለ ግን ገና ሳትጀምር ጓደኞችህን አንድ በአንድ አስቀምጠህ አነጋግር። "ሜዳ ላይ ኮች ነኝ፣ ቤትህ ስመጣ ወንድምህ ነኝ" በለው። አሰላለፍ የምታወጣበትን መስፈርት ንገራቸው፤ ልምምድ የቀረ አይሰለፍም ካልክ በመጀመሪያ የሚቀረው የቅርብ ጓደኛህ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ሁሉም አንተን ነው የሚያየው። የቡድኑ ኮሚቴ አባል ልጅም እንዲሁ ነው።

መሸነፍ

ሃርድዊክ በ2010 ሪችመንድን ያዘ። በ2016 ቡድኑ 13ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ይባረር የሚለው ጩኸት በዛ፤ ክለቡ ግን አቆየው። በሚቀጥለው ዓመት ሪችመንድ ከ1980 በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። በዚያ ዓመት ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ይገርመኛል። ተጫዋቾቹ በየተራ በቡድኑ ፊት እየተነሱ ስለ ጀግናቸው፣ ስላሳለፉት መከራና በሕይወታቸው ስላስደሰታቸው ቀን ያወሩ ነበር።

ይህን እኛ ቡና አፍልተን ማድረግ አያቅተንም። ከሰኞ እስከ እሑድ አብረው ተጫውተው አንዱ የሌላውን የቤት ችግር የማያውቁ ልጆች አሉ። አባቱ የሞተበትን፣ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ ልምምድ የሚመጣውን። ሲተዋወቁ ኳስ ያጣ ጓደኛቸውን መሳደብ ይቀንሳሉ። ማስገደድ ግን የለም፤ ማውራት ያልፈለገ ያዳምጥ።

በተሸነፍክ ማታ ስለ ተጫዋች አትናገር፣ ቴሌግራም ላይም አትጻፍ። በነጋታው ደብተርህን አውጥተህ ሦስት ጥያቄ መልስ፦ ያቀድነውን አደረግን? ዕቅዱ ራሱ ትክክል ነበር? የትኛውን ተጫዋች ያለ ቦታው አሰለፍኩ?

ገንዘቡና ውሉ

በታችኛው ደረጃ አሰልጣኝነት ብቻውን ቤት አያስተዳድርም። ሥራህን አትልቀቅ። መምህር፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ባለ ሱቅ ሆነህ ማሰልጠን ነውር የለውም፤ ክላርክሰንና ፌገን የመጡት ከክፍል ውስጥ ነው። የስፖርት ሳይንስ ወይም የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት መማር ከቻልክ ተማር፣ ሁለቱ ሥራዎች ይደጋገፋሉ።

ዋና አሰልጣኝ ሁን የሚል ጥሪ ሲመጣህ ደግሞ በምስጋና ተቀበልና የሳምንት ጊዜ ጠይቅ። ኮሚቴውን አስቀምጠህ እነዚህን ጠይቃቸው። ውሉ በጽሑፍ ነው? ስንት ጊዜ ትሰጡኛላችሁ፣ በስንት ሽንፈት ነው የምታሰናብቱኝ? አሰላለፍ የሚያወጣው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው? ተጫዋቾቹ ደሞዝ ወይ ትራንስፖርት ያልተከፈላቸው አለ? ለጉዳት የሚሆን ገንዘብ የት ነው ያለው? ያለፈው አሰልጣኝ ለምን ሄደ? ምክትሌን የምመርጠው ራሴ ነኝ? መልሳቸውን ደብተርህ ላይ ጻፍና ያለፈውን አሰልጣኝ ፈልገህ እሱንም ጠይቀው። አሰላለፉ የአንተ ካልሆነ ወይም ውሉን መጻፍ ካልፈለጉ፣ አንድ ዓመት ጨምረህ ምክትል ሆነህ ቆይ።